ልጅ ያቦካው ለራት እንዲበቃ

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይላል ያገሬ ሰው። ተረቱ የሊጥ ነገር ቢመስልም ፍርዱ ከማጀት አልፎ ሸንጎ ድረስ ዘልቋል። ጠብ በሚሸመገልበት፣ ገንዘብ በሚደለደልበት፣ የመንደር ጉዳይ በሚመከርበት ሥፍራ ሁሉ ልጅ ከደጅ እንዲቆም የተፈረደበት በዚሁ ቃል ነው። እኔን ግን ከተረቱ ጀርባ ያለው ጥያቄ ይከነክነኛል፤ እጁን ከቡኮው ሳያገናኝ ያደገ ልጅ፣ የሚያቦኩለት ሲደክሙ ምን ጋግሮ ሊበላ ነው?

ጥያቄው ለአገርም ይሠራል። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀው የመጀመሪያው የጽሑፍ ሕገ መንግሥታችን በ32ኛው አንቀጹ፣ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን መኳንንቱና የየአካባቢው ሹማምንት እንዲመርጡለት ደንግጎ ነበር። እስኪበቃ! መብቃቱ በምን ይለካል? የትስ ይለማመደዋል? ሕዝቡ እንደራሴዎቹን ራሱ ለመምረጥ የቻለው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በ1948 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ፣ በ1950 ዓ.ም. ነው። ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል «እስክትበቃ ጠብቅ» የተባለ ሕዝብ ከመጠበቅ በቀር ምን ተማረ? ወንዝ ዳር ተቀምጦ ዋና የለመደ ሰው የለም፤ መምረጥንም ሰው የሚለምደው በመምረጥ ነው።

ዛሬ አሥረኛ ክፍል የተቀመጠ የ16 ዓመት ልጅ ከሁለት ዓመት በኋላ መራጭ ነው። የሕገ መንግሥቱ 38ኛ አንቀጽ 18 ዓመት ለሞላው ዜጋ ሁሉ ይህን መብት ሰጥቷል። በምርጫ አዋጁ መሠረት 21 ዓመት ሲሞላው ደግሞ ዕጩ ሆኖ መቅረብ ይችላል። ለዚያ ቀን እንዴት አዘጋጀነው? «ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር» በሚባለው ትምህርት ለዓመታት አሥራ አንድ እሴቶችን አስሸመደድነው፤ የሕግ የበላይነት፣ እኩልነት፣ ፍትሕ፣ ኃላፊነት፣ ቁጠባ፣ ሌላም ሌላም። አሁን የትምህርቱ ስም ተለውጦ «የዜግነት ትምህርት» ተብሏል። ስሙ ይለወጥ እንጂ፣ ብዙዎቹ ልጆቻችን አሁንም የሚያውቁት ብቸኛ ምርጫ ሀ፣ ለ፣ ሐ እና መ ነው።

ስለዚህ ታዳጊዎች በትምህርት ቤታቸው መንግሥት መሥርተው፣ ፕሬዚዳንትና አፈ ጉባኤ መርጠው፣ በጀት አጽድቀውና ሕግ አውጥተው ዜግነትን እንዲለማመዱ የሚሹትን ሁሉ እደግፋለሁ። ይሁን እንጂ ማስመሰል ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ልምምድ፣ ሌላው ትርኢት። ልዩነታቸውን ካላስተዋልን የምናሳድገው ዜጋ ሳይሆን ተዋናይ ይሆናል።

በየክልሉና በየከተማው የሕፃናት ፓርላማ መኖሩ መልካም ነገር ነው። ሰኔ 9 ቀን የአፍሪካ ሕፃናት ቀን ሲከበርም ልጆች መድረክ ያገኛሉ። ነገር ግን ከእንዲህ ያለው መድረክ በአንዱ ያየሁት ከልቤ አልወጣም። አንዲት ልጅ ተነሥታ ትምህርት ቤታቸው ለምን ውኃ እንደሌለው ጠየቀች። ሰብሳቢው ጎልማሳ አመሰገናት፤ ጭብጨባም ተደረገላት፤ ወዲያው ወደሚቀጥለው መርሐ ግብር ታለፈ። ልጅቱ ያን ቀን የተማረችው መጠየቅ የበዓል ጌጥ መሆኑን ነው። እንዲህ የተማረ ልጅ ነገ ሹም ቢሆን የሚጠይቁትን ያስጨበጭብላቸዋል እንጂ አይመልስላቸውም።

መዘዝ የሌለው ጨዋታ ደግሞ ሌላ ጉድለት አለው። በአሜሪካ ከ1935 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ሌጂዮን የሚባለው የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር በየግዛቱ ወጣቶችን ሰብስቦ የይስሙላ መንግሥት ያስመሠርታል። ወጣቱ ቢል ክሊንተን በ1963 እ.ኤ.አ. ከፕሬዚዳንት ኬኔዲ ጋር የተጨባበጠው የዚሁ መርሐ ግብር ልዑክ ሆኖ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. ግን የቴክሳሶቹ ወጣቶች ግዛታቸው ከአገሪቱ እንድትገነጠል ድምፅ ሰጥተው ዜና ሆኑ። አልፈርድባቸውም። ውሳኔያቸው በማግስቱ የማንንም እንጀራ የማይነካ ከሆነ፣ ከአስተዋዩ ይልቅ ቀልደኛው ቢያሸንፍ ምን ይገርማል?

እውነተኛውን ልምምድ ፍለጋ ግን ባሕር መሻገር አያሻንም። የባቡሩን ሐዲድ ተከትሎ ከአዲስ አበባ ወደ ምሥራቅ፣ እስከ አዋሽ ሰባት ኪሎ መውረድ ይበቃል። ይህች የአፋር ከተማ የባቡር ልጅ ናት፤ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አርጎባው፣ አማራው፣ ጉራጌው በአንድ ገበያ ይገናኝባታል። በዙሪያዋ ደግሞ ታዳጊን ከደጅ የማያቆሙ ሁለት የቆዩ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ጥቁር ሰሌዳ ግን የላቸውም።

አንዱ የአፋር ፊማ ነው። ፊማ እኩዮች የሚደራጁበት ማኅበር ነው። የራሱ መሪ፣ የፊማ አባ፣ አለው። ሽማግሌዎች በባህላዊው ሕግ የወሰኑትን ያስፈጽማል፤ ጉልበት ላጠረው ያግዛል፤ ያጠፋ አባሉን ራሱ ይቀጣል። እዚህ ወጣቱ መንግሥትን አያስመስልም፤ ከመንግሥትነት ቁራሽ ተቆርሶ ተሰጥቶታል። ሌላው በመተሐራና በፈንታሌ ዙሪያ የሚኖሩት የከረዩ ኦሮሞዎች የገዳ ሥርዓት ነው። ዩኔስኮ በ2016 እ.ኤ.አ. በማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስነት የመዘገበው ይህ ሥርዓት ሰውን ከልጅነቱ ጀምሮ በእርከን እያሳደገ ለኃላፊነት ያበቃዋል፤ በየስምንት ዓመቱም ሥልጣን ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል። ሁለቱም እንከን የለባቸውም አልልም፤ በተለይ የሴቶች ድምፅ በዋናው ሸንጎ ስንት ይመዝናል ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ሆኖም ዘመናዊው ትምህርት ቤት የዘነጋውን አንድ ነገር ያውቃሉ፤ ኃላፊነት የሚለመደው ኃላፊነት ሲሰጥ ብቻ መሆኑን።

ነገሩ የሕይወት ጉዳይ መሆኑን ያየነው በ2017 ዓ.ም. ነው። ከመስከረም ጀምሮ የአዋሽ ፈንታሌ ምድር ተንቀጠቀጠ። ታኅሣሥና ጥር ላይ ነውጡ በርትቶ ከ5 በላይ መጠን ደረሰ፤ ቤት ተሰነጠቀ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ቀዬውን ለቀቀ። ድንኳኑ የት ይተከል? ውኃው ለማን ይቅደም? ከብት የሚጠብቀው ዘመድ ማስጠንቀቂያውን በማን በኩል ይስማ? ትምህርት በምን ይቀጥል? እነዚህ የመንግሥት ጥያቄዎች ናቸው። ከተፈናቃዮቹ መካከል የነበረ የ15 ዓመት ልጅ መልሱን ከማንም ባላነሰ ይኖረዋል፤ በእግሩ የሚያውቀው አገር ነውና።

እንግዲህ በአዋሽ ሰባት ኪሎ አንድ ትምህርት ቤት የተማሪዎች መንግሥት ቢመሠርት፣ ሦስት ነገር እንዲሟላለት እመኛለሁ። አንደኛ፣ ትንሽም ብትሆን እውነተኛ ገንዘብና እውነተኛ ሥልጣን ይሰጠው፤ የውኃው በርሜል፣ የጥላው ዳስ፣ ለአደጋ ጊዜ የሚወጣው ዕቅድ የእርሱ ይሁን፤ ቢሳሳትም ስሕተቱን ራሱ ይኑርበት። ሁለተኛ፣ ተቃዋሚ ይኑረው፤ ተሸንፎ በማግስቱ ከአሸናፊው ጋር አንድ ዴስክ ላይ መቀመጥን ያልተማረ ልጅ ምርጫን ተምሯል አይባልም። ሦስተኛ፣ ለጥያቄው አዋቂዎች በተወሰነ ቀን ይመልሱለት፤ «አይቻልም» ቢሉ እንኳ ምክንያቱን ይንገሩት። በዚህ ላይ የአፋርን ዳጉ እጨምርበታለሁ። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ያዩትንና የሰሙትን በጥንቃቄ የሚለዋወጡበት፣ ወሬ ያዛባ ሰው የሚታፈርበት ይህ ልማድ፣ ሐሰተኛ ወሬ በስልክ በሚነዛበት ዘመን ለታዳጊ ዜጋ ከብዙ መጻሕፍት ይልቅ ይጠቅመዋል።

«ልጆቹን ፖለቲካ ውስጥ ልትከት ነውን?» የሚለኝ ይኖራል። ፖለቲካው ቀድሞ አግኝቷቸዋል፤ ወንዙ ሲሞላ፣ መሬቱ ሲሰነጠቅ፣ ግጦሹ ሲያጣላ ዕድሜ አይጠይቅም። «በጎሣ ቢቧደኑስ?» የሚለው ሥጋት ግን የእኔም ነው። ይህም ቢሆን ሊከሰት ይችላል። ቢከሰት መምህር በአጠገባቸው ባለበት፣ ጠቡ ስለ በርሜል በሆነበት ክፍል ውስጥ ቢከሰት ይሻላል። ያኔ ይታረማል። ጠብመንጃ በተያዘበት ሜዳ ላይ ግን ለእርማት ጊዜ የለም።

ተረቱን የተረቱልን አባቶች ልጅ ያቦካው ለራት እንደማይበቃ አይተው ይሆናል። አልተሳሳቱም፤ የመጀመሪያው ቡኮ ለማንም አይበቃም። ተረቱ ያልነገረን የሁለተኛውንና የሦስተኛውን ነው። ለልጁ ዱቄቱን እንስጠው፤ ያቦካውንም ጋግረን አብረነው እንብላ፤ ቢጎመዝዝም።