ያልበራ መብራት ምስክር አይሆንም፦ የነዳጅ ትነት ፍተሻ በከፍተኛ ቦታዎች

የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራቱ ያልበራ የቤንዚን መኪና ጤነኛ እንደሆነ ይታሰባል። የነዳጅ ትነትን በሚመለከት ግን ይህ እሳቤ፣ በተለይ እንደ አዲስ አበባ ባለ ከተማ፣ አስተማማኝ መሠረት የለውም። መብራቱ ሳይበራ የሚቀረው ብልሽት ስለሌለ ብቻ ሳይሆን ፍተሻው ከናካቴው ስላልተካሄደም ሊሆን ይችላልና።

መኪና አየርን የሚበክለው በጭስ ማውጫው ብቻ አይደለም። ሞተሩ ጠፍቶ በቆመበት ሰዓትም ታንኩ ውስጥ ያለው ቤንዚን መትነኑን አያቋርጥም። ትነቱ ወደ አየር ሲወጣ በፀሐይ ብርሃን ከናይትሮጅን ኦክሳይዶች ጋር ተዋህዶ ለሳንባ ጎጂ የሆነ ኦዞን ይፈጥራል። ይህን ለመከላከል ትነቱ ካኒስተር በሚባል ከሰል የተሞላ ዕቃ ውስጥ እንዲጠራቀም ይደረጋል፤ ሞተሩ ሲሠራም የመምጠጫ ቫልቩ ተከፍቶ ትነቱ ወደ ሞተሩ ተስቦ ይቃጠላል። ሆኖም የላላ የታንክ ክዳን ወይም የተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ ይህን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አዳዲስ መኪኖች 1 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን ቀዳዳ፣ ከ2000 ሞዴል ወዲህ ደግሞ በሂደት 0.5 ሚሊ ሜትር የሆነውን፣ ራሳቸው እንዲለዩ ግዴታ ተጥሎባቸዋል። ለዚህም በዋናነት ሦስት ዘዴዎች በሥራ ላይ ውለዋል። በመጀመሪያው ዘዴ የካኒስተሩ የአየር መግቢያ ተዘግቶ ሞተሩ ከታንኩ ጥቂት አየር ይስባል፤ ከዚያ የመምጠጫ ቫልቩ ይዘጋና የግፊት ሴንሰሩ የታንኩ ግፊት በምን ፍጥነት ተመልሶ እንደሚጨምር ይከታተላል። በሁለተኛው ዘዴ ትንሽ የኤሌክትሪክ ፓምፕ በመጀመሪያ መጠኑ በታወቀ ቀዳዳ፣ ቀጥሎ በታንኩ ላይ ይሠራና ሁለቱ ውጤቶች ይነጻጸራሉ። ሦስተኛው ዘዴ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ የሚካሄድ ነው፤ የተዘጋ ታንክ ሲቀዘቅዝ ግፊቱ መውረድ ስላለበት፣ ካልወረደ ቀዳዳ እንዳለ ይገመታል።

እነዚህ ዘዴዎች የሚሠሩት ሁኔታዎች ሲመቻቹ ብቻ ነው። ታንኩ እስከ አፉ የሞላ ወይም ሊያልቅ የተቃረበ መሆን የለበትም፤ የአየሩ ሙቀትም መካከለኛ መሆን ይኖርበታል። ለእኛ የበለጠ ትርጉም ያለው ግን ከፍታ ነው። የካሊፎርኒያ ደንብ አምራቾች ከ8,000 ጫማ፣ ማለትም ከ2,438 ሜትር በላይ፣ ፍተሻው እንዲቋረጥ ፈቃድ እንዲጠይቁ በር ከፍቷል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፦ የአየር ግፊት ሲቀንስ ቤንዚን ይበልጥ ይተናል፤ አዲስ የተፈጠረው ትነትም በቀዳዳ የገባ አየር እስኪመስል ድረስ የታንኩን ግፊት ከፍ ያደርገዋል። ኮምፒውተሩ በሐሰት እንዳይከስ ዝም እንዲል ይደረጋል።

የአዲስ አበባ አማካይ ከፍታ 2,350 ሜትር ገደማ ነው። ቦሎ ለማሳደስ ከቦሌ ተነሥቶ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወጣ መኪና በአንድ ጉዞ ያን ገደብ ያልፋል፤ የደብረ ብርሃን መኪና ደግሞ በከተማው እስካለ ድረስ ምንጊዜም ከገደቡ በላይ ነው። ከገደቡ በታች ባለው የአዲስ አበባ ክፍልም ቢሆን የአየሩ ግፊት 76 ኪሎ ፓስካል አካባቢ፣ ማለትም ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። የአየሩን ድርሻ ብቻ ብናሰላ፣ በጋዝ ሕግ መሠረት ታንኩ በአንድ ዲግሪ ሲቀዘቅዝ የሚታየው የግፊት ለውጥም በዚያው መጠን ያንሳል። ስለዚህ ትነቱ በሚበረታበት ቦታ ላይ ፍተሻው ይደክማል፤ ከገደቡ በላይ ደግሞ ጨርሶ ሊቀር ይችላል።

በዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ይጨመራሉ። አንደኛ፣ ለአውሮፓ ገበያ የተሠሩ መኪኖች የትነት ቀዳዳን እንዲፈልጉ የዚያ አህጉር ደንብ አላስገደዳቸውም፤ የመምጠጫ ቫልቩ የኤሌክትሪክ መስመር አለመቋረጡን መከታተል ይበቃቸው ነበር። ሁለተኛ፣ በዲያግኖስቲክ መሣሪያ የብልሽት ኮድ ሲሰረዝ መብራቱ ይጠፋል፤ የፍተሻው ሁኔታም «አልተጠናቀቀም» ወደሚለው ይመለሳል። በቆላ ከተማ ይህ ከጥቂት ቀናት መንዳት በኋላ ሊስተካከል ይችላል። ከገደቡ በላይ ብቻ በሚነዳ መኪና ግን «አልተጠናቀቀም» እንደሆነ ሊኖር ይችላል።

«በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል፤ ችግሩ በራሱ ጊዜ ይጠፋል» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። እኔ ክልከላው ጉዳዩን ያጠብቀዋል ባይ ነኝ። ምትክ ያጣ መኪና ረዘም ላለ ጊዜ በአገልግሎት ላይ ይቆያል፤ ጎማ ቱቦና የክዳን ማሸጊያ ደግሞ በዕድሜ ይደርቃሉ፣ ይሰነጠቃሉ። የጭስ መለኪያም ቢሆን አይደርስበትም፤ መለኪያው የሚገባው ጭስ ማውጫው ውስጥ ነው፣ ትነቱ የሚወጣው ከታንኩ በኩል ነው።

ስለሆነም ዓመታዊው የተሽከርካሪ ምርመራ ኮምፒውተሩን አንድ ሳይሆን ሁለት ጥያቄ ሊጠይቀው ይገባል፦ «ብልሽት አግኝተሃል?» ብቻ ሳይሆን «ፍተሻህን ጨርሰሃል?» ጭምር። ሁለተኛው መልስ በዚያው በዲያግኖስቲክ መሣሪያ ይነበባል፤ ተጨማሪ ዕቃ አይጠይቅም። ፍተሻው ያልተጠናቀቀ ከሆነ መኪናውን መቅጣት ተገቢ አይደለም፤ የከፍታው ጥፋት የባለንብረቱ አይደለምና። በምትኩ ምርመራው ከውጭ ይካሄድ፦ በቅድሚያ የታንኩ ክዳን፣ ቀጥሎ ሥርዓቱ በጣም ዝቅተኛ በሆነ ግፊት፣ በናይትሮጅን በሚነፋ ጭስ ይታይ። በጋራዥ ኮምፕረሰር ሙሉ ግፊት መንፋት ግን ታንኩን ሊጎዳ፣ አየርን ከቤንዚን ትነት ጋር ማደባለቅም እሳት ሊያስነሣ ይችላል።

ለእኛ ለተመራማሪዎች የሚቀረው የቤት ሥራ የከፍታ ገደቡን በራሳችን መለኪያ መፈተን ነው። አንድን ታንክ፣ አንድን የታወቀ ቀዳዳና አንድን ነዳጅ ይዞ በአዳማ፣ በቦሌና በእንጦጦ ግፊቱን መመዝገብ ከአንድ የማስተርስ ጥናት አቅም በላይ አይደለም። ፓምፑ መኪናው ባለበት አየር ውስጥ ራሱን ከታወቀ ቀዳዳ ጋር ስለሚያነጻጽር፣ ከሦስቱ ዘዴዎች ከፍታን የበለጠ ሊቋቋም የሚችለው እርሱ ይመስለኛል፤ ግምቱን ሊያጸናው ወይም ሊሽረው የሚችለው ልኬት ነው። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ከ2,438 ሜትር በላይ ያለውን ምድር እንደ ልዩ ሁኔታ ቆጥረውታል። ለሚሊዮኖቻችን ግን የየዕለት መኖሪያ ነው፤ ፍተሻውም በዚያው ልክ ሊዘጋጅልን ይገባል።