ከበሩ 10 ሜትር

ዛሬ ፖለቲካውን ለሌሎቹ ገጾች ትቼ ስለ ጭስ ላውጋችሁ። ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

እኔ 26 ዓመት ያጨስኩ ሰው ነኝ። አዲስ አበባ በኒያላ ጀምሬ ዋሽንግተን ስገባ ወደ ማልቦሮ "አደግሁ"። ያኔ በእኛ ምግብ ቤቶች ከወጡ ሽታ የጭሱ ይቀድም ነበር። መንግሥት ስንጥልና ስናነሳ አምሽተን ስንበተን ተሞልቶ የሚገኘው መተርኮሻው ብቻ ነው።

ከተማይቱ በ2006 በምግብ ቤቶች፣ በጥር 2007 ደግሞ በመጠጥ ቤቶች ማጨስ ስትከለክል "ሐበሻ ያለ ሲጋራ አይከራከርም፣ ካልተከራከረ ደግሞ አይጠጣም፤ ቤታችን መዘጋቱ ነው" ያሉ ባለቤቶች ነበሩ። ቤቱም አልተዘጋ፣ ክርክሩም አልቆመ። እኛ አጫሾቹ ብቻ ካፖርታችንን ደርበን ደጅ ቀረን። ሰውየውን ልረታው ስል ሱሴ ይጠራኛል፤ አጭሼ ስመለስ ወሬው ተለውጦ ይቆየኛል። ሳላውቀው በቀን አንድ ፓኮ የነበረው ግማሽ ገባ። የሐኪም ቁጣ ያቃተውን የጥር ብርድ ቻለው። ከዚያ ቆዳ ላይ የሚለጠፈውን ኒኮቲን ይዤ ሁለቴ ሞከርኩ፣ ሁለቴ ወደቅሁ። በሦስተኛው፣ በ2009፣ ተውኩት።

አፌ ተወ እንጂ እጄ አልተወም። አገር ቤት በሄድኩ ቁጥር ለታላቅ ወንድሜ ከኤርፖርቱ ቀረጥ የሌለበት ሱቅ አንድ እስቴካ ማልቦሮ እይዝለታለሁ። ጋሼ ደስ ይለዋላ!

በ2019 አዋጅ ቁጥር 1112 ወጣ። ቢሮ፣ ምግብ ቤት፣ መጠጥ ቤት ውስጥ አይጨስም፤ ከበሩም 10 ሜትር መራቅ ነው። ከ21 ዓመት በታች ላለ አይሸጥም፤ በፍሬ መቸርቸር ተከለከለ፤ ማስታወቂያ የለም፤ የፓኮው ፊትና ጀርባ 70 በመቶው ማስጠንቀቂያ ነው። በ2020 ደግሞ የኤክሳይዝ ታክሱ 30 በመቶ፣ በዚያ ላይ በፓኮ 8 ብር ሆነ። ወረቀቱ ከብዙ ሀብታም አገር ሕግ ይበረታል። (ሱቅ በደረቴው ግን ከዚያም በኋላ ከማስቲካው ጎን አንድ አንድ ፍሬ ሲሸጥ በዓይኔ አይቻለሁ።)

አንድ ነገር ልጨምር። በ2016 መንግሥት የትምባሆ ድርጅቱን 40 በመቶ በ510 ሚሊዮን ዶላር ለጃፓኑ ትምባሆ ኩባንያ ሸጠ፤ በ2017 የኩባንያው ድርሻ 71 በመቶ ግድም ደረሰ። በ2016 በተደረገው ጥናት ከአገሩ ጎልማሳ ትምባሆ የሚጠቀመው 5 በመቶ ብቻ ነበር። ያ ሁሉ ዶላር ለእነዚህ 5 በመቶዎች የተከፈለ አይመስለኝም። ገና ላልጀመረው ልጅ ነው።

ወደ ጋሼ ልመለስ። ባለፈው ዓመት ፎቅ ስንወጣ ሦስት ጊዜ ቆመ። "ጫማዬ ጠቦኝ ነው" አለኝ። የጠበበው ሳንባው መሆኑን የነገረኝ ሐኪሙ ነው። ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ፦ 14 ጉዞ፣ 14 እስቴካ፣ 2,800 ፍሬ። አንዱንም ያ ታክስ አልነካው፣ አንዱም ላይ ያ የአማርኛ ማስጠንቀቂያ የለበትም። አዋጁን ሻንጣዬ ውስጥ ከትቼ ያሻገርኩት እኔ ነኝ። በዚያ በረራ ላይ ከእኔ ጋር ስንት እስቴካ እንደተሳፈረ እናንተው ታውቃላችሁ።

ዘንድሮ እስቴካውን ትቼ፣ ሐኪሙን አስፈቅጄ፣ ፕላስተሩን ይዤለት ሄድኩ። ጋሼ ፓኬቱን ከፍቶ አንዱን ገለበጠው፣ ወደ መስኮቱ አዙሮ አየው።

"እሺ፣ ይሄኛው በየት በኩል ነው የሚለኮሰው?" አለኝ።

ትከሻው ላይ ለጠፍኩለት። በማግስቱ ስልክ ደውሎ "ማታ አውልቄ አንድ አጨስኩና መልሼ ለጠፍኩት፤ አይቆጠርም አይደል?" ሲለኝ፣ እኔም ሁለት ጊዜ መውደቄን ነገርኩት።