ልደቱ የማን ነው?

በአዲስ አበባ የሕፃናት ልደት ከዓመት ወደ ዓመት ትንሽ ሠርግ እየሆነ መጥቷል። ዲኮር አለ፤ ፎቶ አንሺ አለ፤ የጥሪ ካርዱ በቴሌግራም ይላካል፤ የኬኩ ፎቅ ይቆጠራል። ከዚህ ሁሉ መሃል የሚጎድለው አንድ ነገር ነው፦ ልጁ የሚጫወትበት ጊዜ።

ይህ ዓይነቱ ድግስ ከሁሉም በላይ የሚከብደው «ቅብጥብጥ» ለሚባለው ወንድ ልጅ ነው። ሮጦ የማይጠግብ፣ ወንበር ላይ አምስት ደቂቃ የማይቆይ፣ ደረጃ ሲያይ ካልዘለለ የማይሆንለት ልጅ በየሰፈሩ አለ። ይህ ልጅ በዓመት አንድ ጊዜ «ዛሬ ያንተ ቀን ነው» ይባላል። ከዚያ ሱፍና ከረቫት ይለብሳል፤ እንዳይቆሽሽ ይነገረዋል። እንግዶች በ8 ሰዓት ተጠርተው ኬኩ እስከ 10 ሰዓት አይቆረስም፤ አጎት መንገድ ላይ ነው፣ ፎቶ አንሺው አልደረሰም። በእነዚህ ሁለት ሰዓታት ልጁ ደጋግሞ የሚሰማው «እንኳን ተወለድክ» የሚለውን ሳይሆን «አርፈህ ተቀመጥ!» የሚለውን ነው።

መጨረሻው የታወቀ ነው። ለስላሳ ይደፋል፣ የዲኮሩ ፊኛ ይፈነዳል፣ አንዱ እንግዳ ልጅ ተገፍቶ ይወድቃል። ባለ ልደቱ ጓዳ ተወስዶ ይቆነጠጣል። ፎቶው ላይ ዓይኑ ቀልቶ፣ አፉን በግድ ፈገግ አድርጎ ይታያል። ወላጆቹ የወር ደመወዝ አውጥተው ልጃቸውን በገዛ ልደቱ አስለቀሱት ማለት ነው።

ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ በኬኩ ይሳበባል። «ጣፋጭ ሲበላ እኮ ነው እንዲህ የሚሆነው» ይባላል። ነገር ግን በአውሮፓውያኑ 1995 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት የታተመና የብዙ ሙከራዎችን ውጤት አንድ ላይ የመረመረ ጥናት፣ ስኳር የልጆችን ጠባይ እንደማይለውጥ አሳይቷል። ስኳር ለጥርስ ይጠቅማል ያለ የለም። ሆኖም ልጁን ያቅበጠበጠው ኬኩ አይደለም። ሃያ ልጅ ጠባብ ሳሎን ውስጥ ሰብስቦ፣ ሙዚቃ ከፍቶ፣ ከዚያ «አትንቀሳቀሱ» ማለት ነው።

የልጅ ሰውነት መንቀሳቀስ አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ የ3 እና የ4 ዓመት ልጆች በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ መንቀሳቀስ እንዳለባቸው፣ ከዚህም ውስጥ 60 ደቂቃው የሚያስሮጥና የሚያስተነፍስ መሆን እንዳለበት ይመክራል። ከ5 ዓመት በላይ ላሉት ደግሞ ይኸው የሚያስሮጥ እንቅስቃሴ በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ ነው። አሁን የአንድ የከተማ ልጅ ውሎ ይታይ። ጠዋት ሰርቪስ ውስጥ ይቀመጣል፤ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል፤ በሰርቪስ ተቀምጦ ይመለሳል፤ ቤት ገብቶ የቤት ሥራና ቴሌቪዥን ፊት ይቀመጣል። በሩጫ ዓለም የሚያውቃት ሀገር ልጆቿን ከጠዋት እስከ ማታ እያስቀመጠች ታሳድጋለች። ታዲያ ልደቱ እንኳን ሌላ የመቀመጫ ቀን መሆን አለበት?

የለበትም። ለእንደዚህ ዓይነት ልጅ ልደት ማዘጋጀት ከባድ አይደለም፤ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ብቻ ይፈልጋል። አሁን ያለው ልማድ መጀመሪያ መቀመጥ፣ ቀጥሎ ፎቶ፣ ቀጥሎ መብላት፣ ጊዜ ከተረፈ ጨዋታ ነው። መሆን ያለበት መጀመሪያ ጨዋታ ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ የሮጠ ልጅ ኬክ ሲመጣ ራሱ ይቀመጣል፤ የሚለምነው ሰው አያስፈልግም።

ሰዓቱም ከሰዓት በኋላ መሆን የለበትም። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ተጀምሮ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ቢያልቅ ልጆች ሳይደክሙና ሳይነጫነጩ ይጠናቀቃል። በክረምት ለተወለደ ልጅ ደግሞ ጠዋቱ የተሻለ ነው፤ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠነክረው ከሰዓት በኋላ ነውና። የእንግዳውም ቁጥር ቢያንስ ይበጃል። ልጁ ስማቸውን የሚያውቃቸው ስምንት ወይም አሥር ጓደኞች ከአርባ የወላጅ ባልደረባ ልጆች ይበልጡበታል።

ለጨዋታው የሚያስፈልገው ዕቃ ከቤት አይጠፋም። ገመድ ካለ ገመድ ጉተታ አለ። ባዶ ጆንያ ካለ የጆንያ ሩጫ አለ። ማንኪያና የተቀቀለ እንቁላል ካለ ውድድር አለ። አባሮሽ፣ ሌባና ፖሊስ፣ ድብብቆሽና ሰኞ ማክሰኞ ምንም ወጪ የላቸውም፤ ለሰኞ ማክሰኞ አንድ ጠመኔ ይበቃል። አንዱ ጨዋታ ከአሥር ደቂቃ ሳያልፍ ወደ ሌላው መሄድ ነው፤ ፈጣን ልጅ የሚያስቸግረው ሲሰለች ነውና።

እዚህ ላይ አንድ ትንሽ የሚመስል ግን ትልቅ ነገር አለ። ተሸናፊው ወጥቶ የሚቀመጥበት ጨዋታ ለቅብጥብጥ ልጅ አይሆንም። በወንበር ጨዋታ መጀመሪያ የወጣው ልጅ ቀሪውን ጊዜ ጥግ ይዞ ያያል፤ ከዚያ መረበሽ ይጀምራል። መፍትሔው ወንበር እየቀነሱ ልጅ አለመቀነስ ነው። በመጨረሻ አሥሩም አንድ ወንበር ላይ ለመደራረብ ሲታገሉ ሳቁ ከማንኛውም ዲጄ ይበልጣል።

ምግቡም ቀላል ይሁን። ድፎ ዳቦ፣ ፈንድሻ፣ ሙዝና ብርቱካን፣ ብዙ ውኃ። ይህ ዝርዝር ወጪ ከመቀነሱም በላይ ጎረቤትን ይሰበስባል። በጾም ቀን የመጣች እናት አትቸገርም፤ የሙስሊምና የክርስቲያን ልጅ የሥጋ ጥያቄ ሳይነሳ ከአንድ ትሪ ያነሳል። ኬክ ይኑር ከተባለም የጾም ኬክ ማዘዝ ይቻላል።

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይባላል። ለትልቅ ሰው እራት እውነት ነው። ለልጅ ልደት ግን ልጁ ራሱ ቢያቦካው ይሻላል። የስድስት ዓመት ልጅ «ማንን እንጥራ? ምን እንጫወት?» ተብሎ ቢጠየቅ መልስ አያጣም። ስለ መጋረጃው ቀለም የሚያስበው ግን ምንም የለም።

አባቶችም ሥራ አላቸው። በብዙ ልደት ላይ እናት ከጓዳ ሳሎን ስትሯሯጥ አባቶች ጥግ ይዘው ስለ ፖለቲካ ያወራሉ። ገመዱን በአንድ ጫፍ ልጆች፣ በሌላው ጫፍ አባቶች ይያዙትና ይታይ። ልጅ አባቱን ጎትቶ የጣለበትን ቀን አይረሳም።

እዚህ ድረስ የሚስማማ ሁሉ አንድ ጥያቄ ያነሳል፤ ቦታውስ የት አለ? ጥያቄው ትክክል ነው፤ መልሱም የወላጅ ብቻ አይደለም። በብዙ የኮንዶሚኒየም ግቢ በሕንፃዎቹ መካከል ያለው ሜዳ የመኪና ማቆሚያ ሆኗል። ኳስ የሚመታ ልጅ ጥበቃ ያባርረዋል፤ መስታወት ይሰበራል ተብሎ። በ2013 ዓ.ም. እንደተከፈተው እንጦጦ ፓርክና በኮሪደር ልማቱ እንደተሠሩት መጫወቻዎች ያሉ ቦታዎች መኖራቸው መልካም ነው። ነገር ግን ከጀሞ ወይም ከኮዬ ፈጬ አሥር ልጅ ይዞ እንጦጦ መውጣት የትራንስፖርቱ ዋጋ ብቻ ሌላ ድግስ ነው። ልጅ የሚያስፈልገው በዓመት አንዴ የሚጎበኘው ፓርክ ሳይሆን በየቀኑ በእግሩ የሚደርስበት ሜዳ ነው።

ጉዳዩ የቅንጦትም አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 31 የማረፍና የመጫወት መብትን ያውቃል። ኢትዮጵያ ስምምነቱን የተቀበለችው በግንቦት 1983 ዓ.ም.፣ ደርግ ሊወድቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል፤ ያ ፊርማ ግን አሁንም ያስገድዳል። የመኖሪያ ግቢ ኮሚቴዎች ከዚህ መጀመር ይችላሉ። ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ለሁለት ሰዓት መኪኖች ከአንዱ ጥግ ይነሱ፤ ጥበቃው በሩን ይጠብቅ፤ ልጆች ይሩጡ። ለዚህ በጀት አያስፈልግም፤ አንድ ስብሰባና አንድ ቃለ ጉባኤ ይበቃል።

የመጨረሻው እንቅፋት ይሉኝታ ነው። «የእነ እገሌ ልጅ በአዳራሽ ተከብሮለት የእኛ በግቢ?» የሚል ወላጅ ብዙ ነው። ፉክክሩ ትምህርት ቤትም ገብቷል፤ አንዱ ቤተሰብ ለክፍሉ በሙሉ ኬክና ስጦታ ሲልክ፣ የማይችለው ቤተሰብ ልጅ «የእኔስ መቼ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ለዚህ ጥያቄ መልስ የምታጣው እናት ችግሯ የድህነቷ ብቻ አይደለም፤ የሌሎች ታይታም ነው። የሚችለው ወላጅ ድግሱን ሲያቀል የሚያሳርፈው የራሱን ኪስ ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱንም ልብ ነው።

ሱፉ በሚቀጥለው ዓመት አይሆነውም፤ ዲኮሩ በማግስቱ ይጣላል። ቅብጥብጡ ልጅ ግን አንድ ጠዋት ማንም «ተቀመጥ» ሳይለው፣ ጉልበቱ አቧራ ለብሶ፣ ከጓደኞቹ ጋር እስኪደክመው ሮጦ ከሆነ ያ ቀን በእርግጥ የእሱ ነበር። ልደት የሚባለውም ይኸው ነው።