የአውቶሞቢል ቁልፍ በተበላሸ ጊዜ በቤት ስለ ማደስ

ቤቱን በሚገባ የሚያስተዳድር ሰው ትልቁን ነገር ብቻ ሳይሆን ትንሹንም ማወቅ እንደሚገባው የታወቀ ነው። ዛሬም የምንናገረው በኪስ ስለምትያዝ ትንሽ ዕቃ፤ ይኸውም የአውቶሞቢልን በር ከሩቅ ስለሚከፍተው ባለ ሪሞት ቁልፍ ነው። ይህ ቁልፍ እንቢ ባለ ጊዜ ብዙዎች ፈጽሞ የጠፋ መስሏቸው አዲስ ለማስቀረጽ ብዙ ገንዘብ ያወጣሉ። ነገር ግን ጕዳቱ አብዛኛውን ጊዜ በቤት የሚታደስ ነው።

አስቀድሞ የዕቃውን አሠራር መረዳት ያስፈልጋል። እንዲህ ያለው ቁልፍ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1982 ዓ.ም. በሬኖ ፉዌጎ አውቶሞቢል ላይ ከታየ ወዲህ በዓለም ሁሉ ተሰራጭቷል። በውስጡ አንዲት ባትሪና የኤሌክትሪክ መስመር የተሠራባት ቀጭን ሰሌዳ አሉ። በሰሌዳይቱም ላይ ጣት የሚጫናቸው ጥቃቅን መጫኛዎች ተበይደዋል። በተጫኑም ጊዜ ቁልፉ ለአውቶሞቢሉ የምስጢር ቁጥር በራዲዮ ይልካል። ይህም ቁጥር ለእያንዳንዱ አውቶሞቢል የተለየ ስለ ሆነ፤ መልኩ ስለ መሰለ ብቻ የሌላውን ሰሌዳ ገዝቶ መተካት አይረባም።

መጀመሪያ የሚመረመረው ባትሪው ነው። ቀድሞ ከሩቅ ይከፍት የነበረው ቁልፍ ካልቀረቡት በቀር አልከፍት ያለ እንደ ሆነ ባትሪው መድከሙን ያስረዳል። በብዙዎቹ የሚገባው ሲአር 2032 የተባለው ነው፤ ቁጥሩም ስፋቱ 20 ሚሊሜትር፤ ውፍረቱ 3.2 ሚሊሜትር መሆኑን ያመለክታል። ኃይሉ 3 ቮልት ነው። ከመግዛት በፊት ግን በአሮጌው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ማንበብ ይገባል።

ቀፎውን ለመክፈት የቀጭን ካቻቢቴ ጫፍ በጨርቅ ጠቅልሎ፤ በስንጥቁ አስገብቶ በዝግታ ማዞር ነው። አሮጌው ባትሪ የመደመር ምልክቱ ወደ የት እንደ ዞረ ልብ ብሎ አዲሱንም እንዲሁ ማስገባት ያስፈልጋል። ባትሪውን የሚይዙት ብረቶች ዝገው እንደ ሆነ በአልኮል በራሰ ለስላሳ ብሩሽ ይጠረጉ፤ ላልተው እንደ ሆነ በጥንቃቄ ይቃኑ። ቁልፉ ውሃ ውስጥ ከወደቀ ባትሪውን ፈጥኖ ማውጣትና ሰሌዳውን በአልኮል አጥቦ አንድ ሁለት ቀን በጥላ ማድረቅ ይገባል፤ እሳት አጠገብ ማኖር ግን ያበላሸዋል።

አንዱ መጫኛ ብቻ የማይሠራ ከሆነ ብየዳው ተሰንጥቆ ይሆናል። ይህንን መበየጃ የለመደ እጅ በጥቂት ሰኮንድ ያድሰዋል፤ ያልለመደ ግን ለባለ ሙያ ቢሰጥ ይሻለዋል። ቀፎው ብቻ የተሰበረ እንደ ሆነ ባዶ ቀፎ በርካሽ ይገኛል። ሆኖም በብዙ አውቶሞቢሎች ቁልፍ ውስጥ ያለ ባትሪ የምትሠራ ትንሽ ቺፕ አለች፤ እርስዋ በአሮጌው ቀፎ ውስጥ ተረስታ ከተጣለች በሩ ቢከፈትም ሞተሩ አይነሣም። ስለዚህ ሁሉ ነገር እስኪሠራ ድረስ አሮጌውን ቀፎ አለመጣል ነው።

በመንገድ ላይ ባትሪው ያለቀበት ሰውም አይጨነቅ። በአብዛኛው ቁልፍ ውስጥ በሩን የሚከፍት የብረት ቁልፍ ተሸሽጓል፤ በቁልፍ ሳይሆን በመጫን በሚነሡትም በብዙዎቹ ፍሬን ረግጦ ሪሞቱን ወደ ማስነሻው ማስጠጋት ይበቃል።

ከሁሉ ይልቅ ወላጆችን የምናሳስበው ግን ሌላ ነገር ነው። ይህች ባትሪ በሕፃን ጉሮሮ ከተቀረቀረች በሁለት ሰዓት ውስጥ ሥጋውን ክፉኛ ታቃጥላለች፤ ያለቀችውም ቢሆን አደጋዋ አይቀርም። ስለዚህ አዲሲቱ ከማሸጊያዋ የምትወጣው ቀፎው ከተከፈተ በኋላ ይሁን፤ አሮጌይቱም ወዲያው በሁለት ወገን በፕላስተር ተሸፍና ከልጆች ትራቅ። ሕፃን የዋጠ እንደ ሆነ ሳያስታውኩት ወዲያው ወደ ሆስፒታል ማድረስ ነው። ዕድሜው ከ1 ዓመት በላይ የሆነውና መዋጥ የሚችለው፤ ከዋጠም 12 ሰዓት ካላለፈው፤ በመንገድ ላይ በየ10 ደቂቃው ሁለት የሻይ ማንኪያ ማር እስከ 6 ጊዜ ቢሰጠው ቃጠሎውን ያዘገያል። ነገር ግን ማር ለማግኘት ሲባል ጉዞው ለአንድ ደቂቃ እንኳ አይዘግይ። ቁልፍ በገንዘብ ይተካል፤ ልጅ ግን የሚተካ አይደለም።