«የማይታየው» ጄት የታየ ዕለት

ሰሞኑን እንደ ልማዳችን ማኪያቶ ይዘን ክርክር ገጠምን። ግማሾቻችን «ስቴልዝ ጄትን የሚያይ ራዳር አልተፈጠረም» አልን፤ ግማሾቻችን «ዘመናዊ ራዳር ካለ ስቴልዝ የሚባለው ማስታወቂያ ነው» አልን። ሒሳብ ከፍለን ስንወጣ ግን ሁለታችንም ወገን መሳሳታችን ገብቶን ነበር።

ጥፋቱ የሚጀምረው ከቃሉ ነው። «የማይታይ» አውሮፕላን የለም። የጄቱ ቅርጽ የራዳሩን ሞገድ ወደ ላከው ሳይሆን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይወረውረዋል፤ የተቀባው ልዩ ቀለም ደግሞ የተወሰነውን ይውጠዋል። ራዳሩ ከሩቅ ማየት የነበረበትን በጣም ከቀረበ በኋላ ያየዋል ማለት ነው። ዘገየ እንጂ አልቀረም።

ራዳርም ሁሉ አንድ አይደለም። ሚሳይል የሚመሩት ራዳሮች ሞገዳቸው በሴንቲ ሜትር የሚለካ ነው፤ ተዋጊ ጄቶቹ በዋናነት የተሠሩት እነሱን ለማታለል ነው። ሞገዱ በሜትር በሚለካ ራዳር ፊት ግን ብልሃቱ ይዳከማል፤ የሞገዱ ርዝመት ከክንፍና ከጅራት መጠን ጋር ይቀራረባላ! ችግሩ፣ እንዲህ ያለው ራዳር «እዚያ አካባቢ የሆነ ነገር አለ» ይላል እንጂ አነጣጥሮ ለመምታት የሚበቃ ጥራት ያንሰዋል። የጎረቤት ውሻ ሲጮኽ ሌባ መምጣቱን ታውቃላችሁ፤ የትኛው አጥር ሥር እንዳደፈጠ ግን ውሻው አይነግራችሁም።

ማስረጃ ለሚል ሰርቢያ አለችለት። መጋቢት 18 ቀን 1991 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1999)፣ ኔቶ ዩጎዝላቪያን መደብደብ በጀመረ በአራተኛው ሌሊት፣ ዞልታን ዳኒ የሚባል መኮንን የሚያዘው የሚሳይል ክፍል አንድ ኤፍ-117 ጣለ። በምን? እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ አገልግሎት ላይ በዋለው የሶቪየት ኤስ-125! ፍለጋውን ያገዘውም ፒ-18 የተባለ ባለ ሜትር ሞገድ አሮጌ ራዳር ነበር። የዳኒ ሰዎች ራዳሩን ለጥቂት ሰከንዶች ከፍተው ይዘጉታል፤ ሞገድ ተከትሎ የሚመጣ ሚሳይል እንዳይበላቸው ቶሎ ቶሎ ቦታ ይቀይራሉ። የኔቶ ጄቶች በበኩላቸው በለመዱት መስመር ይመላለሱ ነበር። እኛ እንደሚመስለን ያን ሌሊት ያሸነፈው መሣሪያ ሳይሆን ጥንቃቄ ነው። (በነገራችን ላይ ፓይለቱ ተርፏል። ዳኒ ጡረታ ከወጣ በኋላ ዳቦ ጋጋሪ ሆነ፤ ሁለቱ ከዓመታት በኋላ ተገናኝተውም ወዳጅ ሆነዋል።)

«በቃ ስቴልዝ ከንቱ ነው» ለሚሉት ጓደኞቻችን ደግሞ ኢራን አለችላቸው። ሰኔ 15 ቀን 2017 ዓ.ም. ሰባት የአሜሪካ ቢ-2 ቦምብ ጣዮች ፎርዶንና ናታንዝን ደብድበው በሰላም ተመለሱ። የአሜሪካ ጦር የተተኮሰባቸው ነገር እንዳላወቀ ተናገረ። ግን ከዚያ በፊት እስራኤል ከሳምንት በላይ የኢራንን የአየር መከላከያ ስትቀጠቅጥ ሰንብታለች፤ ቢ-2ዎቹንም ተዋጊ ጄቶች አጅበዋቸዋል፣ ማሳሳቻ በረራም ተደርጎላቸዋል። ቤቱ በሩ ተገንጥሎ ነው የተገባው። ይህን ሁሉ ለጄቱ ቀለም ብቻ መስጠት ለእኛ አይዋጥልንም።

ስለዚህ «ያየዋል ወይስ አያየውም?» የሚለውን ጥያቄ ትተነዋል። ከምን ያህል ርቀት? ለስንት ሰከንድ? ራዳሩ ላይ የተቀመጠው ሰውስ ምን ያህል ሠልጥኗል? ብለን መጠየቅ ጀምረናል። የኤፍ-35 አድናቂዎቻችን ግን እስካሁን አልተረቱም። «እሱ ሌላ ነው» ይሉናል። የኤፍ-117 ስብርባሪ ቤልግሬድ ሙዚየም ውስጥ እንዳለ ስንነግራቸው ወሬ ይቀይራሉ።