«የጎንዮሽ» የምንለው ቃል

አክስቴ የምትኖረው ሜሪላንድ ነው። የሳንባ ካንሰር ሲገኝባት ሐኪሟ ኪትሩዳ የተባለውን መርፌ አዘዘላት፤ እንግሊዝኛው ስለማይሆንላት አስተርጓሚዋ እኔ ነበርሁ። ሐኪሙ ሊከተሉ የሚችሉትን ችግሮች ሲዘረዝር ሁላችንም እንደለመድነው «የጎንዮሽ ጉዳት» ብዬ አለፍሁ። እሷም ፈገግ ብላ፣ «የጎን ከሆነማ ይቻላል፤ ዋናውን ይንቀልልኝ» አለች። እኔም ደስ አለኝ። ዛሬ ግን ያንን ቃል እከስሰዋለሁ።

ጎን ማለት ከዋናው መንገድ ወጣ ያለ ስፍራ ነው። ይህ መድኃኒት ግን ካንሰሩን ራሱ አይገድልም። ነጭ የደም ሴሎቻችን በገዛ አካላችን ላይ እንዳይነሡ የሚገታቸው ልጓም አላቸው፤ ካንሰሩም ያንኑ ልጓም ስቦ ያስቆማቸዋል። ጄምስ አሊሰንና ታሱኩ ሆንጆ እ.ኤ.አ. በ2018 ለኖቤል የበቁት ይህን ልጓም መፍታት ካንሰርን እንደሚያድን መንገዱን ስላሳዩ ነው። የተፈታ ፈረስ ግን የጠላትን ማሳ ከጌታው ማሳ ለይቶ አይረግጥም። ብዙውን ጊዜ ማሳከክና ሽፍታ ሆኖ ያልፋል፤ ሳንባ ከገባ ደረቅ ሳልና የትንፋሽ ማጠር፣ አንጀት ከገባ ተቅማጥ፣ ታይሮይድ ዕጢን ካገኘ የማይለቅ ድካም ያመጣል፤ አልፎ አልፎም ልብን ይነካል። ከመጨረሻው መርፌ ወራት በኋላ እንኳ ሊመጣ ይችላል። የሚያድነውና የሚጎዳው አንድ እጅ ከሆነ፣ ጎኑ የቱ ነው?

በሦስተኛው ወር አክስቴን ተቅማጥ ያዛት። «ሆዴን ብርድ መታው» ብላ ዝንጅብል እያፈላች ዘጠኝ ቀን ደበቀችን። አንድም ቻይነት ነው፤ አንድም መድኃኒቱን እንዳያቋርጡባት ፈርታ። ሆስፒታል ስትደርስ አንጀቷ ክፉኛ ቆስሎ ነበር። ቶሎ ቢነገር ብዙውን ጊዜ በፕሬድኒሶን የሚበርድ ነገር፣ ሲቆይ አንጀት እስከ መብሳት ይደርሳል።

መድኃኒቱን የምነቅፍ አይምሰላችሁ። ጂሚ ካርተር እ.ኤ.አ. በ2015 ካንሰር አንጎላቸው ውስጥ ሲገኝ ይህንኑ ከጨረር ጋር ወስደው፣ መቶ ዓመት ሞልቷቸው በ2024 ነው ያረፉት። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በደም ሥር ግማሽ ሰዓት ይንጠባጠብ የነበረው መድኃኒት፣ ከ2025 ወዲህ በአሜሪካ ከቆዳ ሥር በአንድና በሁለት ደቂቃ የሚወጋም ሆኗል። እንደ ክትባት ተወግቶ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው «ጎንዮሽ» የምትል ቃል ብቻ ይዞ ከሄደ፣ ሳሉን ለጉንፋን፣ ድካሙን ለሐሳብ ይሰጠዋል።

ታዲያ ምን እንበለው? አንድ ወዳጄ «ተጓዳኝ» አለኝ፤ እሱም ያው ነው። እኔ ያገኘሁት ቃል ሳይሆን ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ይህ መርፌ የፈረስሽን ልጓም ይፈታል፤ ወደ ማሳሽ ከገባ በዚያው ቀን ንገሪን።»

ለአክስቴ አነበብሁላት። ጥቂት ዝም አለችና፣ «ያኔ እንዲህ ብትለኝ ኖሮ ዝንጅብሉን አላፈላም ነበር» አለችኝ።