መርዝ ሲፈስ ዝም አይባልም

ገበሬ ወገኖች!

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ይባላል። ለነገረኛ ሰው ጥሩ ምክር ነው። መርዝ በፈሰሰበት ቦታ ግን ይህ ተረት አይሠራም። እዚያ ዝም ያለ ሰው ጎረቤቱን ያስፈጃል። መርዝ ሲፈስ፣ ሲሸት ወይም ሲቃጠል ያየ ሰው ቶሎ መናገር አለበት። መናገር ብቻም አይበቃም፤ የመርዙን ስም መናገር አለበት። ስሙን ለመናገር ደግሞ ማንበብ ያስፈልጋል። እኛም ፊደል ቆጥረናል። እንግዲህ ፊደላችን ሥራ ላይ ይዋል።

መርካቶ የገበያችሁ ሁሉ የሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይን ታውቁታላችሁ። ከፒያሳ ከጊዮርጊስ በኩል ወደ መርካቶ ሲወረድ ይገኛል። ስሙ የጦር ሚኒስትር ከነበሩት ከፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ የመጣ ነው። እኚህ ሰው «አባ መላ» ይባሉ ነበር። በጭንቅ ጊዜ መላ የሚሰጡ ስለ ነበሩ ስሙ ይስማማቸዋል።

በዚህ መንገድ የማያልፍ ነገር የለም። አህያው ተጭኖ ያልፋል፤ ጋሪው ይገፋል፤ ተሸካሚው ጎብጦ ይሮጣል፤ አይሱዙው ጡሩንባውን ይነፋል። ከእህሉና ከጨርቁ ጋር በረኪና ያልፋል፤ ቀለም ያልፋል፤ የባትሪ አሲድ ያልፋል፤ የጋዝ ሲሊንደር ያልፋል። የተባይና የአረም መድኃኒትም ያልፋል።

አሁን አስቡት። አንድ ጀሪካን ከጋሪ ላይ ወድቆ ቢፈነዳ ምን ይሆናል? ሰው «ምንድነው? ምንድነው?» እያለ ይከበዋል። ጋሪ ገፊው እንዳይጠየቅ ይሸሻል። ባለንብረቱ «ኧረ ምንም አይደለም፣ ውሃ ድፉበትና ሂዱ» ይላል። እነዚህ ሦስቱም ስሕተት ናቸው። መክበቡ ብዙ ሰው ያስጎዳል። መሸሹ ስሙን ይዞ መጥፋት ነው። ውሃ መድፋቱ ደግሞ መርዙን ወደ ወንዝ መስደድ ነው።

ከድልድዩ ሥር የሚወርደው ውሃ የት ይሄዳል? ወደ አቃቂ ይሄዳል። ከአቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከአባ ሳሙኤል ወደ አዋሽ ይገባል። በአቃቂ ዳር ገበሬው በዚያ ውሃ ጎመንና ሰላጣ ያጠጣል፤ ከብቱንም ያጠጣል። ስለዚህ በከተማ የፈሰሰ መርዝ የከተሜ ጉዳይ ብቻ አይደለም። መጨረሻው ገበሬው ማሳ ላይ ነው።

ውሃ የሚያባብሰው መርዝም አለ። የነቀዝ ክኒን የምንለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። አንዱ ዓይነት በመያዣው ላይ «አሉሚኒየም ፎስፋይድ» ተብሎ ተጽፎበታል። ይህ ክኒን እርጥበት ሲነካው ገዳይ ጋዝ ይለቃል። ነቀዙን የሚገድለው ያ ጋዝ ነው፤ ሰውንም ይገድላል። እንግዲህ የእሳት አደጋ መኪና ውሃውን ይዞ ሲደርስ «ውስጥ ያለው የነቀዝ ክኒን ነው» ብሎ የሚነግረው ሰው ከሌለ ምን ይመጣል? ሊያድን የመጣው ሰው ራሱ ይሞታል። ስም መናገር ነፍስ ማዳን ነው የምንለው ለዚህ ነው።

መርካቶ እሳትን ያውቃል። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ምሽት ሸማ ተራ ላይ የተነሳው ቃጠሎ የብዙ ነጋዴ ሀብት አወደመ። ሱቅ ከሱቅ በተያያዘበት፣ መንገዱ በጠበበበት ቦታ እሳት ማጥፋት ከባድ ነው። በየሱቁ ውስጥ ምን እንዳለ ካልታወቀ ደግሞ ሥራው በጨለማ እንደ መሄድ ነው።

የሌላውን አገር ገበሬ መከራም እንስማ። በ1964 ኢራቅ ውስጥ ለገበሬዎች የስንዴና የገብስ ዘር ታደለ። ዘሩ በሜርኩሪ መርዝ የታሸ ነበር፤ ለመዝራት እንጂ ለመብላት አልመጣም። ለምልክትም ቀይ ቀለም ተቀብቶ ነበር። ማስጠንቀቂያው ግን በከረጢቱ ላይ የተጻፈው በእስፓኝኛና በእንግሊዝኛ ነው። ገበሬው ከየት ያንብበው? ዘሩ የደረሰው ዘግይቶ ነበርና ብዙ ሰው አስፈጭቶ ዳቦ ጋገረው። አንዳንዱም አጥቦ ቀይ ቀለሙ ሲለቅ «መርዙ ለቀቀ» አለ። ቀለሙ ለቀቀ እንጂ መርዙ አልለቀቀም። ከ6,500 በላይ ሰው ሆስፒታል ገባ። ከነሱ ውስጥ 459 ሞቱ። በየቤቱ የሞተው በዚህ ቁጥር ውስጥ የለም። እነዚያን ገበሬዎች የጎዳቸው መርዙ ብቻ አይደለም። በማያውቁት ቋንቋ የተጻፈው ማስጠንቀቂያም ጎድቷቸዋል።

ኅዳር 1977 ደግሞ በሕንድ አገር ቦፓል በምትባል ከተማ የተባይ መድኃኒት ከሚሠራ ፋብሪካ 40 ቶን ያህል መርዝ በሌሊት በጋዝ መልክ አመለጠ። ሕዝቡ ተኝቷል። ለሕዝቡ የሚጮኸው የማስጠንቀቂያ ጡሩንባ ጥቂት ጮኾ ተዘጋ። ወዴት እንደሚሸሽ የነገረው ስለሌለ ሰው ወደመራው ሮጠ። ሐኪሞቹም የጋዙን ምንነት በጊዜው አልተነገራቸውም። በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ አለቀ። በጊዜ የተነገረ ቃል ቢኖር ብዙ ነፍስ በተረፈ ነበር።

አገራችንም ከዚህ ነፃ አይደለችም። ለአንበጣና ለተምች ተብሎ የገባ መድኃኒት በብዙ መጋዘን ውስጥ ለዓመታት ተረስቶ ቆየ። በርሜሉ ዛገ፤ መርዙ አፈሰሰ። በኋላ ከ1992 ጀምሮ 1,500 ቶን ያህሉ ተለቅሞ በመርከብ ወደ ፊንላንድ ተላከና እዚያ ተቃጠለ። ለተባይ የገዛነውን መልሰን ባሕር አሻግረን አስቃጠልነው! ገና ማፍሰስ ሲጀምር የተናገረ ቢሰማ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልተከማቸ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይሄ ነው።

አሁን የኔን ሐሳብ በግልጽ ልናገር።

አንደኛ፣ ስም የሌለው መድኃኒት አንግዛ። በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀድቶ፣ በላስቲክ ተቋጥሮ የሚሸጥ መርዝ ስሙ ጠፍቷል። ርካሽ ነው ይባላል። ልጅ ውሃ መስሎት ቢጠጣው ለሐኪሙ ምን ብለን እንነግረዋለን? «ነጭ ነው፣ ይሸታል» ብንል ሐኪሙ ምን ያድርግ? ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ እንዳይሸጥ የሚከለክል አዋጅ አለ። ነጋዴው ወረቀቱ ያለበትን ዕቃ ያምጣ። ያገለገለ ጀሪካን ስንገዛም «ምን ነበረበት?» እንበል። የመድኃኒት ጀሪካን ታጥቦም ቢሆን የውሃና የጠላ ዕቃ አይሆንም።

ሁለተኛ፣ የሚናገረውን ሰው አናስፈራራ። ጋሪ ገፊው ለምን ይሸሻል? «ክፈል፣ ታሰር» እንዳይባል ነው። የሚመጣ ሹም መጀመሪያ «ጥፋተኛው ማነው?» ካለ ሁሉም አፉን ይዘጋል። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «የፈሰሰው ምንድነው?» ነው። ሌላው ኋላ ይደርሳል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ እንዲደበቅ የሚያደርግ ሹምም ከደባቂው አይሻልም።

ሦስተኛ፣ እንዴት እንደምንናገር እንወቅ። አዲስ አበባ ውስጥ የእሳትና የአደጋ ስልክ 939 ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991 ነው። ሦስት ሦስት ቁጥር ብቻ ነው፤ በደብተራችን ላይ እንጻፈው። በገጠር ደግሞ ለቀበሌው፣ ለጤና ኬላውና ለግብርና ባለሙያው ሰው ይላክ፤ ይደወል።

ስንደውል ይህን እንበል፦

ቦታው የት ነው? «ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ» ብቻ አይበቃም። «በመርካቶ በኩል ነው» ወይም «በጊዮርጊስ በኩል ነው» ይባላል።

ምንድነው? በመያዣው ላይ ያለውን ስም በፊደል እየቆጠርንም ቢሆን እናንብ። የምናነበው ርቀን፣ ሳንነካ ነው። ማንበብ ካቃተን ምልክቱን እንናገር፤ የራስ ቅልና አጥንት አለበት? ከታች ያለው መስመር ቀይ ነው? ቢጫ ነው? ቀይ እጅግ አደገኛ ማለት ነው፤ አረንጓዴውም ቢሆን መርዝ ነው። አንዳንድ ቦቴ ላይ ብርቱካንማ ሰሌዳ አለ። በሰሌዳው ታች ያለው ባለ አራት አኃዝ ቁጥር 1203 ከሆነ ቤንዚን፣ 1202 ከሆነ ናፍጣ ነው።

ምን ያህል ነው? ይጨሳል ወይስ ይፈሳል? የተጎዳ ሰው አለ? ነፋሱ ወዴት ይነፍሳል? ይህን ሁሉ ተናግረን፣ «በቃ» እስክንባል ስልኩን አንዝጋ።

እስኪደርሱ ድረስ ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ሆነን እንራቅ። ሰውና ከብት እናርቅ። ሲጋራና ክብሪት አይጫር። ወደ ቦይ አንጠበው። መርዝ የነካው ሰው ልብሱን አውልቆ ገላውን በብዙ ውሃ ይታጠብ። የዋጠ ሰው ካለ እንዲያስመልስ አናስገድደው፤ ወተትም አንጋተው። ወረቀቱን ይዘን ቶሎ ሐኪም ጋ እናድርሰው።

ይህ ጽሑፍ ሲነበብ ያልሰማ ጎረቤት ይኖራል። እናንብብለት። በየቀበሌው ግድግዳ ላይ ቁጥሮቹ በትልቁ ይጻፉ። ወደ ገበያ ስንወርድም ዕቃውን አገላብጠን፣ ስሙን አንብበን እንግዛ።